ጌም ቤቱና ቤተ መጻሕፍቱ

በመምህራን ዘንድ፣ በወላጆች ዘንድ፣ ከዚያም አልፎ በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር፣ ክርክር ሳይካሄድበት ስምምነት ያገኘ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም፣ ኮሚክ ማንበብ ላቃተው ልጅ የተሠራ መጽሐፍ ነው፤ የቪዲዮ ጌም ደግሞ ሥራ የፈታ ጎረምሳ ሱስ ነው፤ ስለዚህም የሁለቱ ነገር የዲሲፕሊን እንጂ የኪነ ጥበብ ጉዳይ አይደለም የሚል ነው። አስተያየቱ በስብሰባ ላይ ሲሰነዘር የሚቃወመው አይገኝም። ተናጋሪው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰሚዎቹም ይነቀንቃሉ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የተነሳው ያንን ራስ መነቅነቅ ለመቃወም ነው።

ተቃውሞው ግን በአንድ ወገን ላይ ብቻ አያበቃም። በሌላው ጫፍ ደግሞ «የራሳችን ጀግና፣ የራሳችን ጌም» እያሉ የአገር ልብስ የለበሰውን ሥራ ሁሉ በጭብጨባ የሚቀበሉ አሉ። ፊተኞቹ ሥራውን ሳያዩ ይኮንኑታል፤ ኋለኞቹም ሳያዩ ያወድሱታል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው አለማየታቸው ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ወደ ፎንቆ መሄድ ይበቃል። ፎንቆ በሀዲያ ዞን የአና ሌሞ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ትንሽ ከተማ ናት። በእርሷም ሆነ በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሺንሺቾ፣ ጌም ቤት የሚባለው ነገር መልኩ አንድ ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን፣ ብዙ እጅ የዞረ ፕሌይስቴሽን፣ የመሐሉ ቀለም የለቀቀ ጆይስቲክ፣ ከግድግዳው ጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋ አግዳሚ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ደጅ ይወጣል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ሙግት ይነሳል፤ የተቋረጠው ግጥሚያ እንደገና ይጀመር ወይስ የነበረው ውጤት ይጽና? የመራው ልጅ ይጽና ይላል፤ የተመራው ይጀመር ይላል፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ይዳኛሉ። በር ላይ ቆሞ የሚያልፈው መምህር የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። በውስጡ ያለውን የሕግ ክርክር አይሰማውም።

በእነዚህ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጸና አንድ ልማድ አለ። የግጥሚያውን ሂሳብ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ይህንን ሕግ ቫንኩቨር ተቀምጦ የእግር ኳሱን ጌም የሠራው ኩባንያ አልጻፈውም፤ የጻፉት ልጆቹና ባለ ቤቱ ናቸው። ሆኖም የጨዋታውን መንፈስ ከሥሩ ይለውጠዋል። በካናዳ ልጅ እጅ ሽንፈት ቁጥር ነው፤ በፎንቆ ልጅ ኪስ ግን ሽንፈት ብር ነው። ስለዚህም የፎንቆው ልጅ ጥንቁቅ ነው፤ በመከላከል ይጫወታል፤ ከማያውቀው ጋር አይገጥምም፤ ሲገጥምም መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያጠናዋል። አንድ ሕግ በመጨመሩ ብቻ ሌላ ጨዋታ፣ ሌላ ጠባይ ተፈጥሯል። የጨዋታ አነዳደፍ ማለት ይኸው ነው፤ ከሥዕሉና ከሙዚቃው በፊት የሚመጣው ሕጉ ነው። ጌም ቤቱን ከውርርድ ቤቱና ከጫት ቤቱ ጋር በአንድ መዝገብ ጽፎ «ይዘጋ» የሚለው ሰው ይህንን ሳያይ ነው የሚዘጋው።

የውርርድ ቤቱ ነገር ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም። በውርርድ ቤት የልጁ ችሎታ ከውጤቱ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ በጌም ቤት ግን ከችሎታው ሌላ የሚያድነው ነገር የለም። በእርግጥ የውርርዱ መርዝ ወደ ጌሙም ሾልኮ ገብቷል። ያው የእግር ኳስ ጌም፣ ፊፋ በሚለው ስሙ ሳለ፣ ተጫዋቹ በገንዘብ የታሸገ ጥቅል እየገዛ በውስጡ የትኛው ኳስ ተጫዋች እንደሚወጣለት በዕድል የሚጠባበቅበትን ስልት አምጥቶ ነበር። የቤልጂግ መንግሥት የቁማር ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ቁማር ነው ሲል ወሰነ፤ ኩባንያውም በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ በዚያ አገር ሽያጩን አቆመ። ጌሙ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙ ተለውጦ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል፤ በፎንቆ ግን አሁንም ፊፋ ነው፤ ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታትም ፊፋ ቢባል አይደንቅም። ልብ ሊባል የሚገባው የቤልጂግ ባለ ሥልጣኖች ያደረጉት ነው። ጌምን በጅምላ አልከለከሉም። ከሕጎቹ መካከል ጥፋተኛውን ለይተው ያዙ። እንዲህ ለማድረግ ጌሙን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኮሚኩ እንለፍ። ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ፣ ሥዕልን ከጽሑፍ አጎራብቶ መተረክ ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው የሚል ካለ በአዲስ አበባ የሥዕል ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ቆም ብሎ ይመልከት። ከዘንዶው ንጉሥ ተነስቶ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ የሚወርደው የሳባ ንግሥት ታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥኖች ተከፋፍሎ፣ ለየሳጥኑ የአማርኛ ጽሑፍ ተሰጥቶት ሲሣልና ሲሸጥ ኖሯል። ይህንን ሥዕል ቱሪስት ገዝቶት ይሄዳል፤ የአገሩ ሰው የግድግዳ ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ጊዜ በሳጥኖቹ መካከል ያልፋል፤ አንዱ ሳጥን የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ከዚህ በላይ ኮሚክ የሚያሰኝ ምን አለ?

ስለዚህ በአገሪቱ የጠፋው ጥበቡ አይደለም፤ የጠፋው ጥራዙ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት ይገባል፤ ብዙ ሰው እንደ ኅትመት ቴክኒክ ብቻ የሚያየው ይህ ጉዳይ የሥራውን ዕድሜም የሥራውን ጥራትም የሚወስን ነውና።

ኮሚክ በዓለም ላይ በሁለት ሕይወት ይኖራል። አንደኛው ሕይወቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚወጣ ቀጭን ዕትም ነው። ሁለተኛው ሕይወቱ ዕትሞቹ ተሰብስበው የሚደጎሱበት ጥራዝ ነው። ቤልጂጋዊው ኤርዤ የታንታንን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ ጋዜጣ የልጆች አባሪ ላይ ጀመረው፤ በሚቀጥለው ዓመት በጥራዝ ወጣ። ዛሬ ያንን አባሪ የሚያስታውሰው ተመራማሪ ብቻ ነው፤ ጥራዙን ግን የልጅ ልጅ ያነበዋል። በጃፓን ሳምንታዊው መጽሔት በርካሽ ወረቀት ታትሞ፣ በባቡር ውስጥ ተነብቦ ይጣላል፤ የሚቀመጠው ሁለት መቶ ገጽ ያህል የሚይዘው ትንሹ ጥራዝ ነው። የናዚን የሞት ካምፕ በአይጥና በድመት የተረከው የአርት ስፒገልማን «ማውስ» ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአንድ አነስተኛ መጽሔት በቁርጥራጭ ይወጣ ነበር። በ1986 እና በ1991 በሁለት ጥራዝ ሲሰበሰብ ግን ዓለም አነበበው፤ በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ሥዕሎቹ በመሠረቱ ያው ነበሩ። የአንባቢውን ዓይን የለወጠው መሰብሰባቸው ነው።

ጥራዝ ምሕረት የለውም። በየወሩ ለሚጠብቅ አንባቢ ደራሲው ያለፈውን ቢደጋግምለት ውለታ ነው፤ በጥራዝ ውስጥ ግን ያው ድግግሞሽ ድንቁርና ሆኖ ይታያል። በየዕትሙ መጨረሻ ላይ ጀግናውን ከገደል አፋፍ ማንጠልጠል ለቀጣዩ ዕትም ገዢ ይስባል፤ በጥራዝ ውስጥ ግን ስድስት ጊዜ ተንጠልጥሎ ስድስት ጊዜ የዳነ ጀግና ያስቃል። ስለዚህ ጥራዝ የመሸጫ ዘዴ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ለደራሲው የፈተና ወረቀት ነው። በየወሩ የወጣውን ሁሉ ሳያርም ደርድሮ የሚደጉስ አሳታሚ ፈተናውን ሸሽቷል። በአንጻሩ ደግሞ ለሀብታም ሰብሳቢ ተብሎ በሺህ ገጽ የሚዘጋጅ፣ በእጅ የማይነሳ፣ በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ ጥራዝ አለ። እርሱ መጽሐፍ መሆኑን ትቶ የቤት ዕቃ ሆኗል፤ እዚህ አያስፈልግም።

ብሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» በዚህ መለኪያ መታየት ይገባዋል። ባለ ታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ኋላም ልዩ ኃይል ያገኛል። ሥራው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ራስ ነቅናቂዎቹ «የአሜሪካን ጀግና ስም ለውጠው አመጡት» ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለሐያሲ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ሱፐርማን ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነው፤ ጀምበር ግን ዲግሪውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ከሚንከራተት ሕዝብ መካከል የመጣ ነው። ይህ መነሻ ቀልድ አይደለም። በሆሳዕና ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በር የሚወጣ ወጣት ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሳይገለጽለት ያውቃቸዋል።

ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ ማጣት የኅብረተሰብ ችግር ነው፤ ልዩ ኃይል ግን የአንድ ሰው መፍትሔ ነው። ጀግናው መብረር ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ከታሪኩ ውስጥ መደብዘዙ አይቀርም። ይህ የዘውጉ ባሕርይ እንጂ የአንድ ደራሲ ጉድለት አይደለም፤ ከአሜሪካ የተወረሰው ልብሱ ሳይሆን ይህ የአጥንት አወቃቀር ነው። ቀሚሱን በጥለት ማስጌጥ አጥንቱን አይለውጠውም። ያም ሆኖ፣ ጀማሪን ሥራ አጣጥሎ ራሱ አንድ ሳጥን ያልሣለ ሐያሲ ዝም ቢል ይሻለዋል። ጀምበር መንገድ ከፍቷል፤ ቀጥሎ የወጣችው «ሀዊ»ም ሴት ባለ ታሪክ ይዛ ያንን መንገድ አስፍታለች።

አሁን አንድ ቀጭን ዕትም ፎንቆ ደረሰ እንበል። ማን ይሸጠዋል? መደብር የለም። እንግዲህ በአንድ ልጅ ቦርሳ ይገባል፤ በመጀመሪያው ቀን አሥር ልጅ ያገላብጠዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሽቦው ይወልቃል፤ በሳምንቱ መሐለኛው ገጽ ጠፍቶ የጀግናው ጠላት ማን እንደሆነ የሚያውቀው ያነበበ ብቻ ይሆናል። ከአንድ ወር በኋላ ለሱቅ መጠቅለያ ነው። ሁለተኛው ዕትም ይመጣ እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም። ይህንን ያየ መምህር «ኮሚክ ጥቅም የለውም» ቢል አይፈረድበትም፤ ያየው ኮሚክ ሳይሆን የኮሚክ ቁራጭ ነበርና። በክር የተሰፋ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ መጀመሪያና መጨረሻው በአንድ ላይ የተደጎሰ ጥራዝ ግን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ዓመታት ይኖራል። ጥራዝ ውድ ነው የሚሉ ዋጋውን በአንድ ገዢ ያሰላሉ፤ ማሰብ የሚገባቸው በአርባ አንባቢ ነው።

የራዲዮ ትረካን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ይህ ይገባዋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርክ አድማጩ በየክፍሉ እየጠበቀ ተከታተለው። ግን ትረካው ሲያበቃ አድማጩ የሚመለስበት መጽሐፍ ነበረው። ቁራጩ ወደ ጥራዙ ይመራል፤ ጥራዙም ቁራጩን ከመረሳት ያድነዋል። ኮሚኩ የጎደለው ይህ ሁለተኛው እግር ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የፎንቆ ልጅ በቤቱ ሀዲይሳ ይናገራል፤ በዱራሜ ያለው ከምባቲሳ ይናገራል፤ አማርኛና እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ይከተላሉ። ኮሚክን ወደ ሌላ ቋንቋ ማዛወር ልብ ወለድን ከመተርጎም ይቀላል ይባላል፤ ሥዕሉ አይተረጎምምና። ነገር ግን ችግሩ ያለው በንግግር አረፋው ውስጥ ነው። አማርኛ አንድ ቀለም በአንድ ፊደል ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሀዲይሳ ለዚያው ድምፅ ሁለትና ሦስት ፊደል ይፈልጋል፤ የሚረዝም ድምፅ ሲኖርበትም ፊደሉን ይደግማል። ለአማርኛ በልኩ የተሣለ አረፋ ለሀዲይሳ ይጠባል። ኋላ ጽሑፉን አሳንሶ መጠቅጠቅ ይመጣል፤ የሚነበብ ነገር የማይነበብ ይሆናል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሠዓሊው ከመጀመሪያው ሰፋ ያለ አረፋ እንዲተው፣ ጽሑፉም ከሥዕሉ በተለየ ንጣፍ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ይህ ግን ሥራው ሲጀመር የሚታሰብ እንጂ ከታተመ በኋላ የሚለመን ነገር አይደለም። ስለ ብሔረሰብ ቋንቋዎች እድገት በየመድረኩ ብዙ ይባላል፤ ስለ አረፋው ስፋት ግን የሚናገር የለም።

ሌላም በሽታ አለ፤ ስሙ መልእክት ነው። በጤና፣ በግብርና፣ በስደት ጉዳይ ላይ በተለያዩ ድርጅቶች የሚታተሙ ባለ ሥዕል በራሪ ጽሑፎችን ያላየ መምህር የለም። በመጀመሪያው ሳጥን አጥፊው ልጅ ምክር አይሰማም፤ በሁለተኛው ሳጥን ይጎዳል፤ በሦስተኛው ሳጥን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ጣቱን ቀስሮ ያስረዳል። ልጁ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ሳይደርስ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ ስለዚህም አያነበውም። ይህ በሳጥን የተከፋፈለ ፖስተር ነው። ካድሬውና መምህሩ ይወዱታል፤ ሊሉት የፈለጉትን ይልላቸዋልና። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በነጻ ሲታደል የኖረው «ሹጃዝ» ግን ስለ እርሻም ስለ ምርጫም ስለ ሥራም አንስቷል፤ ወጣቱም አንብቦታል። የናይሮቢ ልጆች በሚናገሩት ሼንግ ተጻፈ፤ ባለ ታሪኮቹ ይዋሻሉ፣ ይከስራሉ፣ በራሳቸው ይስቃሉ። ይዘትና ቅርጽ አይነጣጠሉም የሚለው አሮጌ አባባል በየአዳራሹ ይጠቀሳል፤ በራሪ ጽሑፉን ያዘዘው ሰው ግን ከአዳራሹ ሲወጣ ይረሳዋል።

ወደ ጌሙ እንመለስ፤ የአገር ልብስ የለበሰው ችግር እዚያ ይበልጥ ይጎላል። «ቅኔ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ» የተሰኘ የስልክ ጌም አወጣ። አንዲት ዶሮ ሊያርዳት ከሚያሳድዳት ገበሬ እየሸሸች ትሮጣለች። ሥራው ጥሩ ሙያ ታይቶበታል፤ በአህጉር ደረጃም ተሸልሟል። ቀልዱም የአገር ቀልድ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ዶሮ ያሳደደ ልጅ ሁሉ ይስቃል። ሕጉ ግን በ2011 የወጣው «ቴምፕል ረን» እና በ2012 ከዴንማርክ የመጣው «ሰብዌይ ሰርፈርስ» ሕግ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሩጫ፣ መዝለል፣ ማጎንበስ፣ መልቀም። ዶሮዋን በሌላ ነገር ብትለውጣት የሚጎድል ነገር የለም። ይህንን መናገር ድካሙን መካድ አይደለም። የመጀመሪያው ቤት በሰው ፕላን ሊሠራ ይችላል፤ መንደሩ ሁሉ በዚያው ፕላን ከተሠራ ግን የሚያሳፍር ነው።

በተለይ የሚያሳፍረው ደግሞ አገሪቱ የጨዋታ ሕግ ድሃ ስላልሆነች ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበታና ስለ ሰንጠረዥ ባሳተማቸው ጥናቶች ከየአካባቢው ብዙ ዓይነት አጨዋወት መዝግቦ አልፏል። ገበታ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ጉድጓድ ይጫወቱታል፤ ያለህን ጠጠር ካልበተንህ አታገኝም፤ የበተንኸውም በተቃዋሚህ ጉድጓድ ጭምር ይወድቃል። ይህ የገበሬ ሕግ ነው፤ መዝራት ነው። ልጅ ይህንን ሲጫወት ቁጥር ብቻ አይማርም፤ መስጠትና መብላት የተጋቡበትን ኢኮኖሚ በጣቱ ይነካዋል። ቅኔ ገበታንም ወደ ስልክ ማምጣቱ ከኩኩሉ ይልቅ የሚመሰገንበት ሥራ ነው።

ሰንጠረዡ ደግሞ ከዚህም ይደንቃል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ መጠበቅ ይጀመራል። ከዘመናት በኋላ የኮምፒዩተር ጌም ነዳፊዎች እንደ አዲስ ግኝት ያቀረቡት ባለ ተራና ተራ የለሽ ጨዋታን ማቀላቀል በመሳፍንት አዳራሽ ወለል ላይ የነበረ ነው። አሸናፊነቱም ደረጃ ነበረው። በፈረስ ወይም በደር ንጉሥን ማጥመድ ጥበብ የጎደለው ይባላል፤ በብዙ መደቅ፣ ማለትም በእግረኛ ወታደሮች፣ ተባብሮ ማጥመድ ግን ከሁሉ የተመሰገነ ነው። እስቲ ይታሰብ፤ ማሸነፍህን ብቻ ሳይሆን በማን እጅ እንዳሸነፍህ የሚጠይቅ ጌም! እንዲህ ያለ ሕግ ያወረሱ አያቶች ያሉት ነዳፊ ከሩጫ ጌም ሌላ አልታየኝም ቢል የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ አልፈለግህም።

ትልቅ ገንዘብ ይፈልጋል የሚለው ሰበብም አያዋጣም። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን «ኦሪዮን» መብራት በሚቆራረጥበት አገር፣ ከብዙ ትንንሽ ባለ አክሲዮኖች ገንዘብ አሰባስቦ ሠራው፤ ተረቱንም የውጊያ ሕጉንም ከአፍሪካ እሳቤ ቀዳ። የደቡብ ሱዳኑ ሉዋል ማየን በኡጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሆኖ ነው ጌም መንደፍ የተማረው፤ የሠራውም ስለ ሰላምና ስለ ስደተኛ ነው። ፖላንዶች በሳራየቮ ከበባ መንፈስ የሠሩት «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ ተጫዋቹ ወታደር ሳይሆን በተከበበ ከተማ ውስጥ እንጀራና መድኃኒት የሚፈልግ ሲቪል ነው። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ይህንን ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚመከሩ ንባቦች ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገባ አስታወቀ። ከልብ ወለድ ጎን፣ ከግጥም ጎን! የእኛን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ፊት በዚያ ቀን ማየት ደስ ባለ።

ታዲያ የሀዲያና የከምባታ ምድር ምን ዓይነት ጌም፣ ምን ዓይነት ጥራዝ ይጠይቃል? መልሱን የፎንቆ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው መንገድ በየቤቱ ደጃፍ ያልፋል። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፤ እነዚህን ስሞች ልጁ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ በፊት ከወንድሙ ስልክ ሰምቷቸዋል። በሆሳዕና የቆመው ፎቅ በዚያ መንገድ የመጣ ገንዘብ አለበት፤ በሰፈሩ የተቀመጠው ለቅሶም በዚያው መንገድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት ከነበሩበት 78 ኢትዮጵያውያን መካከል 64ቱ ሞተው ተገኙ። ስለዚህ ጉዳይ በራሪ ጽሑፍ ሞልቷል። ጣት የቀሰረው ሰው በሦስተኛው ሳጥን ላይ አለ። በሀዲይሳ የተጻፈ፣ መንገዱን ከነደላላው፣ ከነእዳው፣ ከነተስፋው የያዘ ሁለት መቶ ገጽ ጥራዝ ግን በመደርደሪያው ላይ የለም።

ጌሙ ደግሞ ከጥራዙ በላይ የሚያሳየው ነገር አለ፤ ሕግን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሉካስ ፖፕ «ፔፐርስ ፕሊዝ» ተጫዋቹን የድንበር ተቆጣጣሪ ያደርገዋል። ወረቀቱ የጎደለውን ቢያሳልፍ ደሞዙ ይቆረጣል፤ ደሞዙ ሲቆረጥ ልጁ ይራባል። ማንም ምክር አይሰጠውም። ጭካኔው ከየት እንደሚመጣ ግን በራሱ እጅ ያየዋል። የደቡብ አፍሪካው መንገድም እንዲህ ያለ ሕግ አለው። መሬት ተይዞ ወይም ከብት ተሸጦ የሚከፈል የመጀመሪያ ገንዘብ አለ፤ በየድንበሩ የሚጨመር ሌላ ገንዘብ አለ፤ ወደ ኋላ መመለስ ወደ ፊት ከመሄድ የሚከብድበት ነጥብ አለ። ያንን ነጥብ ንግግር አያስረዳውም። ተጫዋቹ እዚያ ሲደርስ፣ መመለሻውን ሲፈልግና ሲያጣው ያውቀዋል። ልጁ ሞኝ አለመሆኑን፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ወጥመድ ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ሌላ የኪነ ጥበብ ቅርጽ በቀላሉ አይገኝም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር በአገሪቱ አለ። ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ሠዓሊዎች አሉ፤ ከየዩኒቨርሲቲው የወጡ ፕሮግራመሮች አሉ፤ ኢንተርኔት ሳይፈልግ በርካሽ ስልክ ላይ የሚሠራ ትንሽ ጌም መሥራት ከአቅም በላይ አይደለም፤ ከ2021 ወዲህ በቴሌብር ጥቂት ብር መሰብሰብም ይቻላል። የሌለው የሚጽፈው ሰው ነው። ባለ ቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጌም ከክብራቸው በታች ነው ብለው መድረኩን ለቀዋል። ስለዚህ በአገር ውስጥ በተሠሩት ጌሞች ውስጥ ሰው ይሮጣል፣ ይዘላል፤ አይናገርም።

በመንገዱ ጌም ውስጥ ደግሞ የግድ መነገር ያለበት ነገር አለ። ከሞያሌ ወደ ቤት የሚደወል ስልክ አለ። የስልኩ ሂሳብ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ይበቃል፤ ደላላው አጠገቡ ቆሟል። ልጁ ገንዘብ እንዲላክለት መጠየቅ አለበት፤ መፍራቱ ግን እንዳይታወቅ ይፈልጋል። እናቱ መፍራቱን ከመጀመሪያው ቃሉ አውቃለች። ተጫዋቹ ከሦስት መልስ አንዱን ይመርጣል፤ እናቲቱ ትመልሳለች፤ ደቂቃው ይቆጥራል። እነዚያን ሦስት መልሶችና የእናቲቱን ምላሽ፣ ፎንቆ ላይ ሲነበቡ ሐሰት እንዳይባሉ አድርጎ፣ በሀዲይሳ የሚጽፍ ጸሐፌ ተውኔት ያስፈልጋል።